ከዓለም ባንክ የመጡ ሰዎች

ኅዳር ውስጥ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሰዎች ከነጭ ፒካፕ ወርደው ከምንጩ አጠገብ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከሉ። ነዳጅ ሊቆፍሩ እንደሆነ ተናግረው ሄዱ። ከምንጩ እስከ ችካሉ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ በኋላ ራሴ ቆጥሬዋለሁ።

ወሬውን የነገሩኝ እዚህ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያሉት ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ታላቅ እህታቸው ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ባለው ሸለቆ ውስጥ ይኖራሉ። ምንጩ ያለው በእህትየው ይዞታ ላይ ሲሆን ሸለቆው በሙሉ ይቀዳበታል።

«አንተ ጋዜጠኛ!» አሉኝ ደረጃው ላይ ጠብቀው። «ስለ ነዳጅ የምታወሩት ሰልፉን ብቻ ነው። እህቴ ጓሮ መገኘቱን ሰምታችኋል?»

«ተገኘ ነው ወይስ ይገኛል ተባለ፣ ጋሼ?»

«ይኸው ጀመረ! ሰው እህቴ ተነቀለች ሲልህ አንተ ግስ ታርማለህ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ስብሰባ አለ። እህትየው የምንጩን ቦታ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ በሚል ወረቀት ላይ አሻራቸውን ያሳርፋሉ። ለምን እሺ እንዳሉ ጠየቅሁ። «ከኋላው ባንክ አለ ትላለች፤ ትልቅ ባንክ» አሉኝ። ማስታወሻዬ ላይ «ባንክ» ብዬ ጻፍኩና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ።

ሐሙስ አብረን ሄድን። ከአየር ጤና ሚኒባስ ያዝን፤ የቀረውን በእግራችን ወረድነው። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ሊቀ መንበሩና ሦስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ከየት ነው የመጡት?» አሉኝ ሊቀ መንበሩ።

ማንም ሲጠይቀኝ የምመልሰውን መለስኩ። «ከዓለም ባንክ።»

አራቱም ተነሡ። ከውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር ወጣ፤ በቢሮው ውስጥ ሌላ ወንበር አልነበረም። ለስላሳ ተከፈተልኝ። «እንኳን ደህና መጡ» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ያለፈው ቡድናችሁም እንዲሁ ትሑት ነበር። በእግሩ ግን አልመጣም።»

በሙያዬ የሰው ቃል ለመስማት ብዙ በር አንኳኩቻለሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ መልሱ ራሱ ወደ እኔ ሲመጣ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ያለፉት ሰዎች ያሉትን ቃል በቃል እንዲነግሩኝ ለመንኩ።

«ከየት ናችሁ ስንል፣ ከዓለም ባንክ ነን አሉ።»

«ሌላስ?»

«ከዚህ በላይ ምን ይጨምሩ?»

ጎረቤቴ አግዳሚው ላይ ዘፍ ብለው መሳቅ ጀመሩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ንገራቸው እንጂ!»

«ሳላጣራ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ቤትህን ነው እኮ የምታጣራው!»

እህትየው ወደ ምንጩ ወሰዱን። ጀሪካናቸውን እየሞሉ፣ የነዳጁ ማስረጃ ነው የተባለውን አሳዩኝ፤ ከምንጩ በታች ባለው ረግረግ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተንሳፏል። ከቅባቱ ሁለት ሜትር ርቆ የሊቀ መንበሩ ሞተር ሳይክል እየታጠበ ነበር። ሁለቱንም ጻፍኩ።

«ልጄ» አሉኝ እህትየው፣ «ቀበሌው ሲበድለኝ ወረዳ እሄዳለሁ። ወረዳው እምቢ ሲለኝ ዞን አለ። ዓለም ሲመጣብኝ ግን ማን ዘንድ አቤት እላለሁ? ለዚህ ነው አሻራዬን የምሰጠው። ውኃዬን ጠልቼ አይደለም።»

ዓርብ ጠዋት ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ማመልከቻው አለ፤ አንድ የሙከራ ጉድጓድ ይላል። ፈቃድ ግን አልተሰጠም። መዝገቡ ላይ «በሂደት ላይ» ተብሎ ተጽፏል። የአመልካቹ አድራሻ ዓለም ባንክ ነው፤ እኔ ዳቦ የምገዛበት ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ዳቦዬን ገዛሁና ወደ ፎቁ ወጣሁ።

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ክራባት ያሰረ ትሑት ወጣት ነው።

«ፈቃድ አላችሁ?»

«አመልክተናል።»

«የመቆፈሪያ ማሽንስ?»

«እየተፈለገ ነው።»

«ነዳጁስ?»

«እሱም።»

ለገበሬዎቹ ከዓለም ባንክ ነን ማለታቸውን አነሣሁበት። በመስኮቱ የታክሲ ፌርማታውን አሳየኝ። «ታዲያ ይሄ የት ነው?»

የተሳሳተ ነገር አላገኘሁበትም። ሰዉ ሁሉ ሲቆምላችሁ አልገረማችሁም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «የገጠር ሰው እንግዳ አክባሪ ነው» አለኝ።

ቅዳሜ ሜዳው ላይ ሸለቆው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ከኩባንያው የመጣው ሠራተኛ ወረቀቱንና የአሻራ ቀለሙን ጠረጴዛ ላይ ደርድሯል። ወንበሯ እንደገና ለእኔ ወጣች። ተቀምጬ ያረጋገጥኩትን ተናገርኩ፤ ፈቃድ የለም፣ ማሽን የለም፣ ዓለም ባንክ ደግሞ የሰፈር ስም ነው፣ እኔም ነዋሪው ነኝ።

«ባንኩ እዚያ ሰፈር ነው?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«አይደለም።»

«ባንክ ከሌለው ለምን ባንክ ተባለ?»

ስለ ሰፈሩ ስም ማብራራት ስጀምር ጎረቤቴ ተነሡ። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንደ ታክሲ ረዳት ጮኹ፦ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ! ሁለት ሰው የቀረው! ግባ፣ ግባ!»

ከተማ ድንች እየወሰደ የሚያራግፍ አንድ ጎልማሳ ቀድሞ ሳቀ። «እኔም በየሳምንቱ ዓለም ባንክ እወርዳለሁ! ማንም ተነሥቶልኝ አያውቅም» አለ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ያልሳቁት ሊቀ መንበሩ ብቻ ናቸው።

«ያንን ወንበር ወደ ቢሮ መልሱት» አሉ።

የቀረውን ቆሜ ሰማሁ።

እህትየው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። የቀለሙን ክዳን መልሰው ከደኑና ሠራተኛውን አዩት። «አንተ ልጅ፣ ሰፈርህ ውኃ አለ?»

«በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ እማማ።»

«ጀሪካን ይዘህ ና። ከዚህ ትቀዳለህ።»

አውራ ጣታቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ወደ ቤታቸው ወጡ። ወረቀቱ ላይ አሻራ የለም፤ ከመታጠፉ በፊት አይቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት መዝገቡን ዳግም አየሁ። በሂደት ላይ ይላል። ከሰዓት በኋላ ለእህትየው ደወልኩላቸው። ምንጩ ይፈሳል። ችካሉ አልተነቀለም፤ ጥጃ ታስሮበታል።