ጋሽ ፍስሐና የአደሎ ባጅ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ቦንጋ፣ የእህቴ ልጅ በስካውት ላገኘችው ባጅ ድግስ ለማሰናዳት ተሰብስበን ሳለ፣ አንዱ አሮጌውን የትምህርት ቤት ድንኳን ከመጋዘን እየጎተተ አወጣው። ሸራው ሲዘረጋ የሻጋታና የጭስ ሽታው ግቢውን ሞላው። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ጋሽ ፍስሐ ትዝ አለኝ።

ጋሽ ፍስሐ ከደሴ ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪያችንና የስካውት መሪያችን ነበር። እግሩ ቀጭን፣ ቁምጣው ሰፊ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ የማይጠፋ። ከካፋ ዝናብ ጋር እንደተጣላ ኖረ። "የዚህ አገር ሰማይ ቧንቧው ተሰብሯል እንዴ?" ይል ነበር ካልሲውን እየጨመቀ። ቁጣውማ አይጣል ነው! ቋጠሮ ካበላሸን እስኪመሽ ያስፈታናል። ግን ማንኪራ ጫካ ይዞን ሄዶ አንዳችን ከታመምን፣ አዝሎ የሚመልሰን እሱ ነበር።

ከመካከላችን ከፍተኛውን ባጅ መጀመሪያ ያገኘው አደሎ ነው። አባቱ ከሰል አክስለው የሚሸጡ፣ ያኔ የከተማው ሰው በአንድ ገበታ ከማይቀርባቸው፣ ከደጃፉ ከማያሳልፋቸው ሰዎች ወገን ነበሩ። እኛ ቤት ከሰል ሲያመጡ እንኳ የአጥሩ በር ላይ አራግፈው ይመለሳሉ። እኛ ልጆቹ ካምፕ ላይ ከአደሎ ጋር እየበላን፣ ቤት ስንገባ ዝም እንል ነበር።

ጣጣው የመጣው ድግሱ ሲታሰብ ነው። ባጁን ልጁ ደረት ላይ የሚሰካው ወላጅ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ምግብ አለ። የምግቡ ኃላፊ እናቴ ነበረች፤ ስብሰባውም እኛ ቤት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

"ይምጡ፣ ማን ከለከላቸው? ግን ለእሳቸው ዛፉ ሥር በኮባ ቅጠል እናቀርባለን" አለች።

ጋሽ ፍስሐ ደሙ ፈላ። "ልጁ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ፣ እትዬ አስካለ? ‹አባቴ ሰው ፊት ከሚያፍሩ ባይጠሩ ይሻላል› አለኝ። በገዛ ልጃቸው ቀን!"

እናቴ ፍንክች አላለችም። "አንተ ነገ ተዛውረህ ትሄዳለህ። ከጎረቤት ጋር የምንቀረው እኛ ነን።"

ጋሽ ፍስሐ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ "እሺ፣ በኮባ ይሁን" ብሎ ወጣ። ተሸነፈ ብዬ እንዴት እንደተናደድኩበት!

የድግሱ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ወንበር የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ ሳህን የለ። ጋሽ ፍስሐ ጠዋት ስካውቶቹን አስተባብሮ ኮባ አስቆርጧል፤ ቅጠሉ ከዳር እስከ ዳር መሬት ላይ ተነጥፏል። ፊሽካውን ነፋና "ዛሬ ሁላችንም በካምፕ ደንብ፣ መሬት ላይ፣ በኮባ!" አለ። የአደሎ አባት ባጁን ልጃቸው ደረት ላይ ሰኩ። እንደለመዱት ወደ ዛፉ ሊሄዱ ሲሉ፣ ጋሽ ፍስሐ እጃቸውን ይዞ ከጎኑ አስቀመጣቸው። አንዳንዱ ሰው ጃንጥላውን አንስቶ ወጣ። እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ እሷ ካላወጣች የሚበላ የለም። አደሎ እሷን እሷን ብቻ ያያል። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ ለሁሉም ከአንድ ድስት አወጣች። ጋሽ ፍስሐ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአደሎ አባት አጎረሳቸው፤ እሳቸውም መልሰው አጎረሱት። እናቴ ግን አልበላችም።

በዓመቱ ጋሽ ፍስሐ እውነትም ተዛወረ። ከዚያ ወዲያ አይቼው አላውቅም፤ የሆነውንም ሳያይ ቀረ።

እሱ በሄደ በክረምቱ የአደሎ አባት ከሰል ይዘው መጡ። እንደወትሮው በሩ ላይ አራግፈው ሊመለሱ ሲሉ ዝናቡ ወረደ። እናቴ ከማድቤቱ በር ላይ ቆማ ለብዙ ጊዜ አየቻቸው።

"ኧረ ይግቡ፣ ይግቡ!" አለች በመጨረሻ። "እኔም ገና ምሳ አልበላሁም።"