የካሜራው ዘበኛ

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢቸና ውስጥ ነው፤ በጥር ወር፣ ከተማዋን ልለቅ አሥር ቀን ያህል ሲቀረኝ። እስከ ዛሬ ሥራ ሲበዛብኝ ወይም ሰው ሲያስከፋኝ ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ታክሲ ውስጥ ስስቅ ያዩኝ ሰዎች ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያ ሆኜ ቢቸና ጤና ጣቢያ የተመደብኩ ጊዜ ያለቀስኩትን ለቅሶ እኔ ነኝ የማውቀው። መጀመሪያ ያጽናናኝ ሰማዩ ነበር። አዳማ ማታ ቀና ስትሉ የምታዩት የመብራት ጭጋግ ነው። ቢቸና ግን ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ሰማዩ ጤፍ የተሰጣበት ይመስላል።

አራት ዓመት ሠርቼ ዝውውሬ ሲፈቀድልኝ መሬት አልበቃኝም። ሻንጣዬን ማዘጋጀት ስጀምር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያንን ሰማይ በምን ይዤው ልሂድ? በስልኬ ሳነሳው የሚወጣው ጥቁር ነገር ብቻ ነው።

ሞጣ ውስጥ ዳዊት የሚባል ጓደኛ አለኝ። በሥራ ቀን ነርስ ነው፤ በእረፍቱ ቀን ሠርግ ይቀርጻል። ስነግረው "ታይምላፕስ ነዋ የምትፈልጊው" አለኝ። ካሜራው ማቆሚያው ላይ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ በየግማሽ ደቂቃው አንድ ፎቶ ያነሳል። ኋላ ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲታዩ የአንድ ሌሊት ሰማይ በአርባ ሰከንድ ውስጥ ሲዞር ታያለሽ አለኝ።

ሞጣ ድረስ ሄጄ አጠቃቀሙን አሳየኝ፤ ካሜራውንም ከነፓወር ባንኩ አዋሰኝ።

"ሦስት ሌሊት ብቻ ነው" አለኝ። "ቅዳሜ ጠዋት እጄ ካልገባ እሁድ ሙሽሮቹን በስልኬ ነው የማነሳቸው። ከዚያ በኋላ እኔም ወደ አዳማ አብሬሽ እሰደዳለሁ።"

ከዚያ ሳምንት በኋላ ደግሞ ጨረቃዋ ትመጣለች፣ እኔም እሄዳለሁ። ሌላ ዕድል አልነበረኝም።

የተከራየሁት ጋሽ ተገኘ ግቢ ውስጥ ነበር። ጋሽ ተገኘ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ እህል መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ሆነው ሠርተዋል። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀጥ ያሉ፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ "ይሄ ሰውዬ ጡረታ የወጣው ከደመወዙ ነው እንጂ ከሌሊቱ አይደለም" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። አጥር ሲዞሩ፣ በር ሲነካኩ፣ ሲያስሉ ነበር የሚነጋላቸው።

ረቡዕ ማታ ካሜራውን ግቢው መሀል አቆምኩት። ጋሽ ተገኘ መጥተው ዙሪያውን ዞሩት።

"ይሄ ነገር ውጭ ሊያድር ነው?"

"አዎ ጋሼ። የሰማይ ፎቶ ሊያነሳልኝ ነው።"

"ያንቺ ነው?"

"አይ፣ የሰው ነው። በአደራ ነው የተሰጠኝ።"

አደራ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። "በይ አንቺ ግቢና ተኚ" አሉኝ። እኔም እንዲህ ያለ ጠባቂ ያለው ሰው ምን ይሆናል ብዬ ለጥ አልኩ።

ጠዋት ስወጣ ካሜራው አጠገብ ቆመዋል። "አሥራ ስምንት ጊዜ አይቼዋለሁ" አሉኝ። "ዝንብ አላረፈበትም።"

ደስ እያለኝ ፎቶዎቹን ማየት ጀመርኩ። ኮከቦቹ ትንሽ ሄድ ይላሉ፤ ከዚያ ሰማዩ በሙሉ ቦግ ይላል። ደግሞ ትንሽ ሄድ ይላሉ፤ ደግሞ ቦግ። ጋሽ ተገኘ ከሥራ ይዘውት የወጡት ባለ አራት ድንጋይ ባትሪ አላቸው፤ ሲበራ አህያ ያስደነብራል። አሥራ ስምንቱንም ጊዜ ካሜራው ላይ ቦግ አድርገውበታል። አንዱ ፎቶ ላይማ ኮከብ የለ፣ ሰማይ የለ፤ ያለው ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ነው።

"ዓይኑ ተከፍቶ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው" አሉኝ።

ምን ልበል? ሰውየው ያን ሁሉ ብርድ የጠጡት ለእኔ ብለው ነው። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ እንዴት አድርጌ ሳላስቀይማቸው እንደምነግራቸው ሳሰላስል ዋልኩ። ማታ ካሜራውን ሳቆም እንደ ዋዛ አነሳሁት።

"ጋሼ፣ ይሄ ካሜራ ሌሊት ብርሃን አይስማማውም።"

"አይስማማውም?"

"ባትሪ ከበራበት ይበላሽብኛል።"

"እንደ ኩፍኝ ልጅ በይኛ" አሉ።

"አዎ፣ እንደሱ።"

"በቃ ገብቶኛል።"

ደህና አድርጎ ገብቷቸዋል። መዘዙ የመጣብኝም ስለገባቸው ነው።

ያን ዕለት ማታ የጎረቤት ላም ምጥ ይዟት ኖሮ፣ እኔ እንደተኛሁ ጎረቤቶቹ የደጃቸውን አምፖል ያበራሉ። ብርሃኑ አጥሩን ዘሎ ግቢያችን ገባ። ጋሽ ተገኘ ይህን ሲያዩ ተንደርድረው ጋቢያቸውን አወለቁና ካሜራውን ከነማቆሚያው ጠቀለሉት። ላሟ እስክትገላገል አምፖሉ አልጠፋም፤ እሷ ደግሞ የተገላገለችው ሊነጋ ሲል ነው።

ጠዋት በሬን ስከፍት ግቢው መሀል አጭር ባሕታዊ የቆመ መስሎኝ ጮህኩ። ጋሽ ተገኘ አጠገቡ በሸሚዝ ብቻ ቆመው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል።

"አይዞሽ፣ ጭላንጭል አላስነካሁትም" አሉኝ።

ካሜራው ውስጥ ወደ ስምንት መቶ የሚሆን የጋቢ ፎቶ ነበር። እንኳን ኮከብ፣ የጋቢው ጥለት እንኳ አይታይም።

"ተባረኩ ጋሼ" አልኩና ክፍሌ ገባሁ። በሩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ እንባዬ መጣ። መሳቅም አማረኝ፤ ግን እንባው ቀደመ። ለካ እትዬ ጥሩነሽ በመስኮት አይተውኝ ኖሯል።

"አንተ ሰውዬ!" ሲሉ ሰማኋቸው። "ልጅቷን አስለቀስካት እኮ! ምን አድርገህባት ነው? እስቲ አሁን መጋዘን መሰለችህ?"

ትንሽ ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ተገኘ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"ልጄ፣ በድዬሻለሁ መሰለኝ" አሉ። "ሁለት ዓመት ሙሉ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም። አደራ ስትዪኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነው።"

ይሉኝታዬ ያኔ ለቀቀኝ። በርጩማ አቅርቤ አስቀመጥኳቸውና ሁሉንም አስረዳኋቸው። ከመጀመሪያው ሌሊት ባትሪ ያልበራባቸውን ፎቶዎች እየመረጥኩ አሳየኋቸው። ካሜራውን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ብዙ አዩ።

"ይቺን አውቃታለሁ" አሉ አንዷን ደማቅ ኮከብ በጥፍራቸው እየነኩ። "በዚህ ወር በመጋዘኑ ጣሪያ ጫፍ ብቅ ስትል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ሰዓት ሳልገዛ በፊት ሰዓቴ እሷ ነበረች።"

ከዚያ ካሜራውን መለሱልኝና "ሰው ቢቆምበትስ? ይታያል?" አሉኝ።

"ካልተንቀሳቀሰ ይታያል። ከተንቀሳቀሰ ግን እንደ ጢስ ነው የሚሆነው።"

"የሠርጌ ፎቶ አለኝ። የመታወቂያም አለኝ። ሥራዬ ላይ ቆሜ ግን ማንም አንስቶኝ አያውቅም። ማን በጨለማ ፎቶ ያነሳል?"

እውነቱን ለመናገር ልቤ አልፈቀደም ነበር። የቀረችኝ አንዲት ሌሊት ናት። የምፈልገው ሰማይ ብቻ ነው፤ መሀሉ ላይ ሰው ቆሞ ሲወዛወዝ ሁሉም ነገር ሊበላሽ ይችላል። ግን ኮፍያቸውን እንደያዙ ናቸው። አፌ ከልቤ ቀደመና "ማታ ይቁሙልኛ ጋሼ" አልኳቸው።

ዓርብ ማታ ሲወጡ አላወቅኳቸውም። የሥራቸውን ካፖርት ለብሰዋል፤ የካፖርቱን የናስ ቁልፎች በአመድ ወልውለዋቸዋል። ዱላቸውን ይዘዋል። አስቀድመው ጎረቤት ሄደው "ዛሬ ተረኛ ነኝ፤ መብራት እንዳታበሩብኝ" ብለው ኖሯል። ጎረቤቶቹ ግራ ገብቷቸው "የምን ተረኛ?" ቢሏቸው "የሰማይ" ብለው መለሱላቸው አሉ።

ካሜራውን ዝቅ አድርጌ፣ ሰማዩ ከጀርባቸው እንዲሆን በምሥራቅ በኩል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆምኳቸው። ካሜራው ቀጭ ማለት ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ያህል በር ላይ ሆኜ አየኋቸው። አይነቃነቁም።

"ጋሼ፣ አልደከሙም?" አልኩ በሹክሹክታ።

ከንፈራቸውን ሳያላቅቁ "አታናግሪኝ፤ እየተነሳሁ ነው" አሉኝ።

እኔ ወጣት ነኝ የምለው እንቅልፍ ጣለኝ። ሲነጋጋ ደንግጬ ስነሳ ጋሽ ተገኘ ድንጋዩ ላይ ናቸው። ካፖርታቸው ትከሻ ላይ ውርጭ ነጥቷል። "አበቃ ጋሼ" ስላቸው ሊራመዱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። እኔና እትዬ ጥሩነሽ ግራና ቀኝ ይዘን እንደ ምሰሶ ተሸክመን ነው ያስገባናቸው። እትዬ ጥሩነሽ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ እያሹ "ያረጀ እብድ!" ይላሉ። ጋሽ ተገኘ ፈገግ ብለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

በመጀመሪያው ሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ። ዳዊት ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጦ ቪዲዮውን ሠራው። ሦስት ጊዜ አየውና "እኝህን ሰውዬ ለነገ ሠርግ አምጪልኝ" አለ። "የእኔ ሙሽሮች አንድ ደቂቃ ቀጥ ብለው አይቆሙልኝም።"

ቪዲዮውን በስልኬ ይዤ ከሰዓት በኋላ ቢቸና ተመለስኩ። ጋሽ ተገኘና እትዬ ጥሩነሽ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነበር። መሀላቸው ገብቼ ከፈትኩላቸው።

ኮከቦቹ ከአጥሩ በስተጀርባ ይፈልቃሉ፤ ወደ ላይ ይጎርፋሉ፤ ያልቃሉ፤ ሌሎች ይመጣሉ። ከመሀል ደግሞ አንድ ረጅም ጥቁር ሰው ዱላውን ይዞ ቆሟል። ጠርዙ ትንሽ ይርገበገባል እንጂ ከቦታው አይሄድም። መጨረሻ ላይ ሰማዩ እየቀላ ሲመጣ በመጀመሪያ የናስ ቁልፎቹ፣ ቀጥሎ ኮፍያው፣ በመጨረሻም ፊታቸው ይታያል።

"አለቀ?" አሉ ጋሽ ተገኘ።

"አለቀ ጋሼ።"

"ሌሊቱ በሙሉ?"

"በሙሉ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለካ ሠላሳ ዓመቱም እንዲህ ነው ያለቀብኝ" አሉ።

እትዬ ጥሩነሽ አፍንጫቸውን ጠረጉና "እስቲ ድገሚልን" አሉኝ። ደገምኩት። መሀሉ ላይ ሲደርስ እትዬ ጥሩነሽ ክንዴን ያዙኝ።

"ቆይ፣ ቆይ! አሁን የት ሄደ?"

መለስ አድርጌ አየሁት። እውነት ነው። ሰውየው ለአንድ ሰከንድ ያህል ድንጋዩ ላይ የሉም። በሌሊቱ ስናሰላው አሥር ደቂቃ አለፍ ያለ ጊዜ ነው። ጋሽ ተገኘን ላብ ላብ አላቸው።

"ሽንቴን ልሸና ነዋ" አሉ ቀስ ብለው።

"ለሽንት ይሄን ያህል?" አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

"ትንሽም… ማድቤት ገብቼ እሳት ዳር አረፍ ብያለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ምን ያለ ነገር ነው ያመጣሽብኝ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ አለቃዬ ያልያዘኝን!" አሉ።

እትዬ ጥሩነሽ በሳቅ ከመደቡ ሊወድቁ ደረሱ። ጋሽ ተገኘም መጀመሪያ ኮስተር አሉ፤ በኋላ ግን አልቻሉም። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ስሰናበታቸው ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው "ያቺን ቆርጠሽ አውጪልኝ፤ ዘበኛ ቦታውን ጥሎ ሄደ ይባላል" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። አሁንም ለበዓል ስደውልላቸው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ "አወጣሻት?" ብለው ነው። "አውጥቻታለሁ ጋሼ" እላቸዋለሁ። አላወጣኋትም።

አዳማ እንደገባሁ ቪዲዮውን ለእናቴ አሳየኋት። ያን ሁሉ ኮከብ አልፋ "ምነው፣ ለእኚህ ሽማግሌ አንድ ወንበር እንኳ አጣችሁላቸው?" አለችኝ። ያሳየሁት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጋሽ ተገኘ ነው። ስለ ሰማዩ የጠየቀኝ እስከ ዛሬ የለም።

እኔም ብሆን ስከፍተው የምጠብቀው ያቺን አንድ ሰከንድ ነው። ግቢው ባዶ፣ ድንጋዩ ባዶ፣ ከላይ ያ ሁሉ ኮከብ ጠባቂ አጥቶ ይታያል። ወዲያው ጋሽ ተገኘ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቦታቸው ላይ ዱብ ይላሉ፤ እኔም እፎይ እላለሁ።