በመድኃኒት የወረደ አይቆጠርም

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በስደት በምንኖርባት ከተማ፣ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር ከሚገኝ የአገራችን ምግብ ቤት የምንሰበሰብ አምስት ወንዶች ነበርን፤ ሁላችንም ሃምሳን ያለፍን። የምግብ ቤቱ ባለቤት የደም ግፊት መለኪያ ከገዛ ወዲህ ጨዋታ ተጀመረ። ቁርጡ ሳይቀርብ ሁሉም በየተራ ክንዱን ያስለካል። ግፊቱ ከሁሉም የበለጠበት ሰው ሥጋ አይነካም፤ እኛ እያየነው ሽሮ ይበላል።

ለወራት ሽሮ የበላው አንድ ሰው ነበር፤ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ። በመጨረሻ ሚስቱ ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ግፊቱ ልቡን እየጎዳው እንደሆነ ተነግሮት በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘለት። ዋጠ፤ ግፊቱም ወረደ። አንድ እሁድ ከሁላችንም ዝቅ ብሎ ተገኘና ቢላዋውን አነሳ።

«አስቀምጥ!» አለ የምግብ ቤቱ ባለቤት። «በመድኃኒት የወረደ አይቆጠርም።»

«ሯጭ እንኳ መርፌ ተወግቶ ሲያሸንፍ ሜዳሊያውን ይቀማል» አለ ሌላው። «ወንድሜ፣ ይሄ የፋርማሲው ደም ነው እንጂ ያንተ አይደለም።»

ሳቅን። ሽሮው መጣለት።

የግፊት መድኃኒት የሚሠራው እስከተወሰደ ድረስ ነው። እሱም ይህን ያውቃል፤ ሐኪሙ ነግሮታል። ግን «በራሴ አወርደዋለሁ» ብሎ ክኒኑን ተወ። ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት እያኘከ ይሮጥ ጀመር። ምንም አላመመውም፤ ስላላመመው የዳነ መሰለው።

«ዛሬ ንጹሕ ነኝ» አለ አንድ እሁድ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ቁጥሩን ሲያይ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። «ሽሮ!» ብሎ ወደ ኩሽና ጮኸ። ጎረቤቴን ላብ አጠመቀው፤ ደረቱን ይዞ አቀረቀረ። እኛ ያኮረፈ መስሎን ትንሽ ሳቅንበት።

ከልቡ ጡንቻ ከፊሉ ሞቷል አሉ በሆስፒታል። ከዚያ ሲወጣ ሚስቱ ደወለችልኝ። «ሊፍቱ ተበላሽቷል። ሐኪሙ ደረጃ እንዳይሞክር ብሏል። ጓደኞችህን ሰብስብና ተሸከሙት።»

በፕላስቲክ ወንበር አራተኛ ፎቅ አወጣነው። በየደረጃው ማረፊያ እያስቀመጥነው አለከለክን።

«ምነው?» አለን ከወንበሩ ላይ፣ በቀጭን ድምፅ። «ጤነኞቹ እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

ሚስቱ በሩን ከፍታ ጠበቀችን። ወንበሩን ካስገባን በኋላ የምግብ ቤቱ ባለቤት ግድግዳውን ተደግፎ «ውሃ፣ እህቴ» አላት።

«ቤታችሁ ጠጡ» አለችና በሩን ዘጋችብን።