ጀርባዋን ለመንገድ የሰጠችው አሻንጉሊት

ሳቬሪያ ደስ የሚላት አፏ በስፒል ሲሞላ ነው። ስድስት ሰባቱን በከንፈሯ ይዛ፣ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ፣ በመስታወቱና በመጋረጃው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ስትንበረከክ ማንም ምንም አይጠይቃትም፤ ቢጠይቃትም አትመልስም። የዶን ኮራዶን የልብስ ሱቅ መስኮት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያሳመረችው እንዲህ ነው። አሁን ስልሳ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ጉልበቷ ስትነሳ ሲጢጥ ይላል እንጂ እጇ ገና የሃያ ዓመት ልጅ እጅ ነው።

እዚህ በጣሊያኗ ሞልፌታ ከተማ ልብስ የሚሸጥ ሁሉ መስኮት አለው፤ መስኮት ማልበስ የምታውቅ ግን እሷ ብቻ ናት። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ የሚጠሏትም ይመሰክሩላታል። የጥር ቅናሽ ሲመጣ ሌላው ባለሱቅ ያለውን ሁሉ ይቆልልና «ቅናሽ! ቅናሽ! ቅናሽ!» እያለ እስከ ጣሪያ ይለጥፋል። ሳቬሪያ ይህን ስታይ ያማታል። «ክምር ፊት ማን ይቆማል? ክምር እኮ ቤቱም አለው» ትላለች። እሷ አንድ ካፖርት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ጥንድ ጓንት አስቀምጣ ሌላውን ባዶ ትተወዋለች። ቀዩን ፊደል ከወፍራም ወረቀት እየቆረጠች ከውስጥ ገልብጣ ትለጥፋለች። ትልቁ ቃል ከመንገዱ ማዶ መነበብ አለበት፤ የዋጋዋ ካርድ ግን ሰው ቀርቦ ጎንበስ ብሎ የሚያነባት ትንሽዬ ናት። አሮጌው ዋጋ ላይ ቀጭን መስመር፣ ከጎኑ መቶኛው፣ ከሥሩ አዲሱ ዋጋ። ሕጉም ይህንኑ ያዛል። «ጎንበስ ያለ ሰው ግማሽ አካሉ ሱቅ ገብቷል» ትላለች።

የሥራው ምሥጢር ግን ያለው ጀርባ ላይ ነው። መስኮት ላይ ልብስ የሚለብስባት አሻንጉሊት ቀጭን ናት፣ ልብሱ ሰፊ ነው። ስለዚህ ከኋላ ሰብሰብ አድርጎ በስፒል መያዝ ነው። ከፊት ስትታይ ተለክቶ የተሰፋላት ትመስላለች፤ ከኋላ ብትዞሩ ግን ጃርት ናት። የአሻንጉሊት ጀርባ ለመንገድ አይሰጥም። መስኮት የሚያለብስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ይህን ነው።

ሳቬሪያ እህቷን ያጣችውም በዚሁ ነው።

እናታቸው ከስድስት ዓመት በፊት በነሐሴ ሞተች። ታናሽየዋ ሮዛልባ ያን ሰሞን የወለደች ልጇን ልታርስ ቶሪኖ ሄዳ ነበር። ሮዛልባ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው «ስሞት ይቺን አልብሱኝ» ብላ ያስቀመጠቻትን ሰማያዊ ቀሚስ የሰፋችውም እሷው ናት። ሙቀቱ ሬሳ የሚያቆይ አልነበረም። ሳቬሪያ ቀሚሱን ብታለብሳት እናቲቱ በበሽታ መንምና ኖሮ ልብሱ ተንዘላዘለባት። እጇ የለመደውን አደረገ፤ ከኋላ ሰብሰብ አድርጋ አሥራ አንድ ስፒል ሰካችበት። አሮጊቷ ከፊት ሲያዩአት አማረባት። ጎረቤቱም «እሰይ የኔ ልጅ፣ እንዴት አድርገሽ አሳመርሻት!» አለ።

በማግስቱ ሮዛልባ ከባቡር ወርዳ እየሮጠች ገባች። እናቷ ላይ ተደፋች፤ ክንዷን ከጀርባዋ ሥር አስገብታ አቀፈቻት። ወዲያው «ውይ!» ብላ እጇን አወጣች። ጣቷ ይደማል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስፒል ነው። ቀሚሱ ሰፍቷት…»

«እናታችንን እንደ አሻንጉሊት በስፒል ያዝሻት? እስክመጣ አትጠብቂኝም ነበር? መርፌ የለኝም? እጅ የለኝም?»

ያኔ ሳቬሪያ «ይቅር በይኝ» ብትል፣ ወይ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም ብትል፣ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ግን ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው አፉ የራሱ አይደለም። «ማን ያየዋል፣ ሮዛ? ጀርባዋ እኮ ነው» አለቻት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ቄሱ በር ላይ ቆመዋል፣ ሳጥኑ መዘጋት አለበት፤ ስፒል የሚነቀልበት ጊዜ አልተገኘም። እናታቸው ከነስፒሏ ተቀበረች። ሮዛልባም ከመቃብር ስትመለስ ሰው ሁሉ እየሰማ «እናቴን ስፒል ላይ ያስተኛች እህት የለችኝም» አለች። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልተናገረቻትም።

ሁለቱ እህትማማቾች የሚኖሩት በአምስት ደቂቃ መንገድ ተራርቀው ነው። ሮዛልባ በየቀኑ ቅዳሴ ሰምታ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ በዶን ኮራዶ ሱቅ ፊት ለፊት ታልፋለች። የምታልፈው በማዶው ዳር ነው፤ ፊቷንም ወደ ፋርማሲው ታዞራለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ለእሷ ነው እንዳትሉ፣ ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ይህቺን አንዲት ነገር ብቻ መዋጥ አቃታት።

በሁለተኛው ዓመት ነው ሳቬሪያ ነገሩን የደረሰችበት። መስኮት ውስጥ ተንበርክካ ሳለ እህቷ ፋርማሲው ፊት ቀስ ስትል አየቻት። የሳል ሽሮፕ ማስታወቂያ ታነባለች። በማግስቱም ያንኑ። ሮዛልባ ደግሞ በዕድሜዋ ስላ አታውቅም! ሳቬሪያ መስታወት ታውቃለች፤ ዕድሜዋን የበላው መስታወት ነው። የፋርማሲው መስታወት ላይ የሚታየው የእሷ መስኮት መሆኑ ገባት። እህቷ በጀርባዋ እያለፈች በመስታወት ታያታለች። ስፒሏን ከአፏ አውጥታ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ለገዢ መሆኑ ቀረ። የሮዛልባ ልደት ሲደርስ ወንበሩ ላይ ሎሚ የሞላ ሳህን ይቀመጣል፤ ሮዛልባ ልጅ ሆና ሎሚ ከነልጣጩ ነበር የምትበላው። ዶን ኮራዶ በየዓመቱ «ሎሚ መሸጥ ጀመርን እንዴ?» ይላል። ሳቬሪያም አፏ ስፒል ስለያዘ አትመልስለትም።

ዘንድሮ ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን ግን ዶን ኮራዶ ቀረብ ብሎ፣ መነጽሩን አሥር ጊዜ እየጠረገ፣ «ሳቬሪያ፣ እዘጋለሁ» አላት።

«ለምሳ ገና ነው እኮ።»

«ለምሳ አይደለም። ሱቁን። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ልጆቼ ሚላን ናቸው፣ ካልሲ መሸጥ አይፈልጉም። የመጨረሻውን ቅናሽ አሳምሪልኝ። ‹ሁሉም ይሸጣል› ብለሽ በትልቁ ጻፊ።»

«እሺ» አለች። ሌላ ምን ትላለች? ወረቀቱን ዘርግታ መቁረጥ ስትጀምር ግን መቀሱን ፊደሉ መሃል አቆመችው። ጥር ሲያልቅ መስኮቱ ይዘጋል። መስኮቱ ከተዘጋ እህቷን በምን ልታናግራት ነው? በር አንኳኩታ ታውቃለች፤ አልተከፈተም። ደብዳቤ ጽፋ ታውቃለች፤ ሳይከፈት ተመለሰ። የቀረላት ይሄ መስታወት ነበር።

በዚያው ሳምንት መስታወቱን በቡናማ ወረቀት ሸፈነችው። ቅናሽ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ይሸፍናል፤ ከተማው ውስጡ ምን አለ እያለ እንዲጓጓ ነው። ከመጋዘን ጥግ ለዓመታት ገዢ ያጣ የአሮጊት ቀሚስ አወጣች፤ ሰማያዊ፣ ነጫጭ ቁልፍ ያለው፣ የእናታቸውን የሚመስል። ሱቁ ለምሳ ሲዘጋ ወደ ቤቷ ይዛው ትሄዳለች። እንጀራዋ ስፒል ነው እንጂ መርፌ ይዛ አታውቅም፤ ልጅ ሆነው መርፌው ሁሌ የሮዛልባ ነበር። ፓስታዋ እየቀዘቀዘ፣ ጣቷን እየወጋች፣ እየተረተረች እንደገና እየጀመረች፣ የቀሚሱን ጀርባ በአራት ቀን አጥብባ ጨረሰችው። አንድም ስፒል የለበትም።

ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱ ተገፈፈ። ከላይ በቀዩ «ሁሉም ይሸጣል» ይላል። ከሥሩ ባዶ ወለል፣ አንድ ወንበር፣ ሳህን ሎሚና አንዲት አሻንጉሊት አሉ። አሻንጉሊቷ ጀርባዋን ለመንገድ ሰጥታለች።

ጉድ ፈላ! ሰው ተሰብስቦ ይስቃል። አንዱ «ከእኛ ጋር ተኮራርፋለች» ይላል፣ ሌላው «ዋጋውን ሰምታ አፍራ ነው» ይላል። ዶን ኮራዶ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ወጣ።

«ሳቬሪያ፣ ምን ነካሽ? በሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ አድርገሽ ታውቂያለሽ? ስፌቱን ተመልከቺው፣ የሰከረ ሰው ነው የሚመስለው!»

«ይመስላል። ይቆይልኝ፣ ዶን ኮራዶ። በሞቴ።»

በሞቷ ስትለምነው ሰምቶ አያውቅም። አሻንጉሊቷን ሳይነካ ወደ ሱቁ ገባ።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ሮዛልባ መጣች። በማዶው ዳር ሄደች፣ ፋርማሲው ፊት ቀስ አለች። ከዚያ ቆመች። ፋርማሲስቱ የታመመች መስሎት በሩን እስኪከፍት ቆመች፤ ከዚያ ፈጠን ብላ ሄደች። ሳቬሪያ መጋረጃውን ይዛ ቀረች።

ሐሙስ ደግሞ የከተማው ዘበኛ ፓንታሌዎ ደንቡ መከበሩን ሊያይ መጣ። ልጅ ሆኖ የመጀመሪያ ሱሪውን የለካችለት ሳቬሪያ ናት።

«ሲኞራ ሳቬሪያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቀሚሷ ዋጋ የላትም።»

«አትሸጥማ።»

«ከላይ ‹ሁሉም ይሸጣል› ይላል እኮ።»

«አንተ ልጅ፣ ማንበብ ልታስተምረኝ ነው?»

ፓንታሌዎ ጆሮው ቀላ። «መስኮት ላይ ያለ ሁሉ ዋጋ ይኑረው ይላል ሕጉ። እኔ ምን ላድርግ? እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን አላየሁም። ከዚያ ወዲያ ወይ ዋጋ ይጻፉላት፣ ወይ ያውርዷት።»

ዶን ኮራዶም «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እኔው ራሴ አወርዳታለሁ» አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መጨረሻው እንዲህ መሳቂያ ሆኖ እንዲያልቅ ስላልፈለገ ነው።

ዓርብ ሮዛልባ አልመጣችም። አራት ሰዓት ከሩብ አለፈ፣ አምስት ሆነ፣ ሱቁ ለምሳ ተዘጋ። በስድስት ዓመት ውስጥ ያላለፈችበት የሥራ ቀን የለም። ሳቬሪያ ቤቷ ገብታ እህል አልቀመሰችም። «አበሳጨኋት። ያን ሬሳ እንደገና ፊቷ አቆምኩባት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» እያለች እንደዚያ ተኮራምታ ዋለች።

ቅዳሜም አራት ሰዓት ከሩብ አለፈ። ማዶው ባዶ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዶን ኮራዶ ጎሮሮውን ጠራረገ። ስድስት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሳቬሪያ ራሷ ጫማዋን አወለቀች። «ይተዉት፣ እኔ አወርዳታለሁ» ብላ ወደ መስኮቱ ገባች። የአሻንጉሊቷን ወገብ ይዛ ልታነሳት ስትል የሱቁ በር ደወል ጮኸ።

ሮዛልባ ናት። በዚህኛው ዳር ነው የመጣችው፤ ማዶውን የምትጠብቅ ሳቬሪያ እንዴት ታያት! ማንንም ሰላም አላለችም። ጫማዋን አውልቃ መስኮቱ ውስጥ ወጣችና ከእህቷ ጎን ቆመች። እጇን ከአሻንጉሊቷ ማጅራት ጀምራ ወደ ታች በቀስታ፣ በቀስታ አወረደችው። አንድም ነገር አልወጋትም።

«ስፒል የለውም» አለች።

«የለውም።»

«አንቺ ነሽ የሰፋሽው?»

«ማን ይሰፋልኛል?»

«ያስታውቃል። ጥቁር ክር! ሰማያዊ ላይ ጥቁር ክር! አንቺ ሴትዮ ዓይን የለሽም?» ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ጥቅል ክር አወጣች፤ ሰማያዊ፣ ልክ የቀሚሱ ሰማያዊ። «ትናንት ባሪ ድረስ በባቡር ሄጄ አራት ሱቅ ዞሬ ነው ያገኘሁት። እዚህ ከተማ ይሄ ቀለም የለም።»

አሁን ሳቬሪያ አፏ ውስጥ ስፒል የለም፣ የምታመካኝበት ነገር የለም። «ሮዛ» አለች፣ «ማን ያየዋል ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«አንቺ ታዪው ነበር። እሷም ታውቀው ነበር። ይቅር በይኝ። በየሌሊቱ እኔንም ይወጋኛል፣ አሥራ አንዱም።»

ሮዛልባ መርፌዋ ላይ ክር ልታስገባ ሞከረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቀዳዳው ጠፋባት። መርፌውንና ክሩን ለእህቷ ሰጠቻት። «አስገቢልኝ። ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል።» ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ «ከእማማ ላይ ማውጣት አንችልም፣ ሳቬ። ይሄኛውን ግን እናስተካክለው» አለች።

ቀሚሱን ከአሻንጉሊቷ አውልቀው ወለሉ ላይ በካልሲ ቁጭ አሉ። ሮዛልባ ጥቁሩን ክር እየተረተረች፣ ሳቬሪያ የቀሚሱን ጨርቅ እየወጠረችላት፤ ሎሚውም መሃላቸው። ከውጭ ሰው መቆም ጀመረ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ፓንታሌዎ መጣ፣ አየ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ መንገዱን ቀጠለ። ዶን ኮራዶ ለምሳ የሚዘጋበት ሰዓት ነበር። በሩን ቆለፈና መብራቱን ሳያጠፋ፣ እነሱን ላለመረበሽ ከኋላ በር ወጣ።

«ጎተት አድርጊው» ትላለች ሮዛልባ። «እንደዚህ አይደለም፣ ቀስ ብለሽ። አዎ። እንደሱ ያዥው።»

ሳቬሪያም እንደተባለችው ያዘችው።