የስለቱ ቅል

ባለፈው እሑድ ልጄ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ከአዲስ አበባ መጥቶ ደሴ ዋለ። እነዚያን ሁለት ልጆች ቤት ውስጥ አስቀምጦ መዋል የሚሞከር አይደለምና፣ ጠዋት ሙዚየም፣ ከሰዓት ደግሞ አዲስ ወደ ተከፈተው የልጆች መጫወቻ ቤት ልንወስዳቸው ተስማማን።

ሙዚየም እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። ቆሜ ማየት ግን አልችልም። ልጄ «እማዬ ሙዚየም ስትገባ ፖሊስ የሚከተላት ትመስላለች» እያለ ይስቅብኛል። ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። በዚያ እሑድም ጦሩንና ጋሻውን፣ ብራናውንና ከበሮውን በጥድፊያ አልፌ አንድ ጥግ ስደርስ ግን እግሬ ተያዘ። ከግድግዳው ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ ትልቅ ቅል ነበር። ከሥሩ የተለጠፈችው ወረቀት «ለውሃና ለወተት መያዣ የሚያገለግል» ትላለች። አፉ ዙሪያ የደረቀ እበት ቅሪት አለ። የወተት ቅል በእበት አይመረግም፤ ይህን የጻፈ ሰው አንዲት የወሎ ቦረና ባልቴት ቢጠይቅ ኖሮ ትነግረው ነበር።

ያደግሁት ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብላ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር ነው። ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የስድሳ ስድስቱ ረሃብ ገና ማለፉ ነው። ከእኛ ቤት ያለፈው ግን የሦስት ዓመት ወንድማችንን ጌታነህን ወስዶ ነው። አባታችንም ሥራ ፍለጋ ሁመራ እንደ ወረደ አልተመለሰም። የቀረነው እናቴ፣ እኔ፣ የሰባት ዓመቱ ታደለና የአምስት ዓመቷ ዘነቡ ነበርን። በሬዎቻችን አልቀው መሬቱ አንድ ክረምት ጦሙን አድሯል።

በዚያ ሁሉ የረሃብ ወራት ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ወራጅ ላይ፣ አንድ ቅል ተንጠልጥሎ ነበር። አፉ በእበትና በአመድ ተመርጎ፣ ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል። ምንድን ነው ስንላት እናቴ የገብርኤል ስለት ነው፣ የነካው እጁ ይደርቃል ትለን ነበር። በእኛ አገር ስለት ቀልድ አይደለም። ክርስቲያኑም እስላሙም ይሳላል፤ የተሳለውን ሳያደርስ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ እንኳን ልንነካው፣ ከሥሩ ስንተኛም ፊታችንን ወደ ግድግዳው እናዞር ነበር። ጌታነህ ብቻ፣ ሕፃን ነውና፣ አቅም ሲያንሰው በጀርባው ተጋድሞ ቅሉን ሲያይ ይውል ነበር። ውስጡ ያለው ጧፍ ወይም ዕጣን ይመስለኝ ነበር። አልጠየቅሁም፤ የተሳሉትን ማን ይመረምራል?

ከዚያ አብዮቱ መጣ። መሬት ላራሹ ተባለ፣ ዘማች ተማሪዎችም መካነ ሰላም ገቡ። አንድ ባላባት ጥሎት የሸሸውን የቆርቆሮ ቤት ተረክበው ለሁለት ከፈሉት። ፊት ያለውን አዳራሽ «የሕዝብ ሙዚየም» አሉት፤ ቃሉን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የኋላውን ክፍል ደግሞ እናቶች ፊደል ሲቆጥሩ ልጆች እንዲጫወቱበት ለቀቁትና ከወራጁ ላይ በጠፍር ዥዋዥዌ አሰሩበት። ወለሉ ሳንቃ ነበር። እንዲህ ያለ ወለል ረግጠው የማያውቁ ልጆች እየተንደረደሩ ሲንሸራተቱበት ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። አባቶቻቸው ቀድሞ ወደዚያ ግቢ የሚገቡት የባላባቱን ድርሻ እህል ተሸክመው፣ በጓሮ በር ብቻ ነበር። አንዳንዶቹ አሁንም ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በጓሮ ይዞራሉ።

እኔ በተማሪዎቹ ፍቅር አበድኩ። በተለይ ሙዚየሙን የሚጠብቀው ዳዊት የሚባል፣ የመነጽሩን እግር በክር ያሰረ ቀጭን የአዲስ አበባ ልጅ የተናገረውን ሁሉ በቃሌ እይዝ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ አንዱ ጠረጴዛ «ኋላ ቀር ልማዶች» ተባለ። ክታቡም ጨሌውም ከየቤቱ ይምጣ ተባልን። ስለት የሕዝብ ማታለያ ነው ብለውም አስተማሩን። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ እኔ ግን ያቦካሁት የበሰለ መስሎኝ አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ስትወርድ ጠብቄ በርጩማ ላይ ቆሜ ቅሉን አወረድኩት። ይከብድ ነበር። እጄ አለመድረቁን ሳይ ጭራሽ ልቤ አበጠ።

ሙዚየም ወስጄ ስሰጠው ዳዊት በሰው ፊት ምርጊቱን በቢላ ፈልፍሎ ቅሉን ሳህን ላይ ዘነበለው። የወጣው ገብስ ነው። ሰነፍ ቆሎ የምንለው፣ ለመፈተግ የማያስቸግረው ነጭ ገብስ፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ አንድ ነቀዝ ያልነካው። ከተመልካቾቹ መካከል አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው አንድ ፍሬ አነሱና አገላብጠው አዩ።

«ልጄ፣ ይህማ ዘር ነው» አሉኝ።

ወንድሜ የሞተው ገብስ ሥር ተኝቶ ነው።

ቤት ስደርስ እናቴ ባዶውን ወራጅ ቀና ብላ እያየች ቆማለች። ሳትመታኝ ቀደምኳት። «ለጌታነህ ስለ ምን አልቆላሽለትም?» አልኳት። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም፤ ጥፋቴን የሚሸፍንልኝ ሌላ ልብስ አልነበረኝም።

መደቡ ላይ ቁጭ አለች። «ብቆላው ሦስት ቀን ትበሉ ነበር። በአራተኛው ምን ልላችሁ ኖሯል? እሱም ለምኖኛል፣ በጣቱ እያሳየ። ስለት ነው አልኩት። ልጄን ዋሽቼ ነው የቀበርኩት። አንቺ ደግሞ የዋሸሁለትን ወስደሽ ሰጠሽው።»

ሰኔ ገብቶ ነበር። የእናቴ ወንድም አያ ሞላ ከእልቂቱ የተረፈለትን አንድ በሬውን ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ጠምዶ መሬታችንን አለስልሶ ዘር ይጠብቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የእኛ የተባለ መሬት ነው፤ ሳይዘራ የከረመ ለሌላ ይሰጣል የሚል ወሬም ይናፈሳል። አያ ሞላ ሄዶ ቅሉን ጠየቀ። የገበሬ ማኅበሩ ኮሚቴ የሕዝብ ንብረት ተብሎ ተመዝግቧል፣ ከደሴ እንግዶች መጥተው እስኪጎበኙት አንድ ፍሬ አይወጣም አለው። በዚያ ዘመን ሁለተኛ መጠየቅ አድኃሪ የሚል ስም ያሰጣል። ሆድ ከአገር ይሰፋል ብሎ ተመለሰ።

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። በማግስቱ ታደለንና ዘነቡን አጥቤ፣ አበጥሬ፣ በጉምና በጭቃ እየጎተትኩ ሙዚየም ወሰድኳቸው። ዳዊት ቤተሰብ መጣልኝ ብሎ ተደሰተ፤ ከማረሻው እስከ ክታቡ አንድ በአንድ አስረዳን። ሳህኑ ላይ ጥቂት ገብስ ለእይታ ቀርቧል፤ የቀረው በቅሉ ውስጥ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። ልጆቹ ዥዋዥዌው ጋ ሮጡ፤ ዘነቡ እንደ ተባባልነው ወደቅሁ ብላ ጮኸች፣ ዳዊትም ወደዚያ ሮጠ። እኔ እጄን ወደ ቅሉ ሰደድኩ። ጥቂት በመቀነቴ፣ ጥቂት በታደለ ኪስ፣ ጥቂት በዘነቡ ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ በሰፋሁት ከረጢት።

ቤት ደርሰን ስናራግፍ የታደለ ኪስ ባዶ ሆነ። መንገድ ለመንገድ ጥሬውን ቆርጥሞ ጨርሶታል። በጥፊ መታሁት። እናቴ እጄን ያዘችኝ፣ ግን አልተቆጣችም። ከማግስቱ ጀምሮ ከመውጣታችን በፊት የራሷን ድርሻ የባቄላ ንፍሮ ለታደለ ታቀርብለት ጀመር። ጠግቦ ይሂድ አለችኝ። እሷ ምን እንደምትበላ አልጠየቅኋትም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እንዲህ እየሆነ አምስት ቀን ተመላለስን። ታናናሾቼ ሙዚየም ማለት ዥዋዥዌ መስሏቸው ጎሕ ሲቀድ ይቀሰቅሱኝ ጀመር። እኔ ደግሞ የሳንቃው ድምፅ ሁሉ የኮሚቴው ጫማ ይመስለኛል። ዝናቡ ጣለ። ጎረቤቶቻችን ዘርተው ጨረሱ። አያ ሞላ ጠዋት ጠዋት ደጃችን ላይ ቆሞ ሰማዩን ያይና ሳይገባ ይመለሳል።

በስድስተኛው ቀን እጄ ቅሉ ውስጥ እንዳለ ቀና ስል ዳዊት ከበሩ ቆሟል። ዘነቡ ከኋላ አሁንም እየጮኸች ነው፤ እሱ ግን ወደዚያ አልሄደም።

«መቼ ነው የምትዘሩት?» አለኝ።

«ሐሙስ።»

ባርኔጣውን አውልቆ ወጣ። ሰው ጠርቶ ሊያስይዘኝ ነው ብዬ ደርቄ ቀረሁ። በባርኔጣው ጠጠር ሞልቶ ተመለሰ። በቅሉ የቀረውን ገብስ ነጠላዬ ላይ ገለበጠና ጠጠሩን ሞላበት፤ አፉን በጭቃ መረገው። ሳህኑ ላይ አንድ እፍኝ ተወ። ለእይታ ይበቃል አለኝ። በኋላ እንደ ሰማሁት ከደሴ የመጡት የእንግዶቹ አለቃ ቅሉን አንስተው ነቅነቅ አድርገው፣ ኋላ ቀርነት እንዴት እንደሚከብድ ለተሰበሰበው ሕዝብ ንግግር አደረጉበት። ዳዊት በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ምን እንደ ደረሰበት አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት የብዙ ወጣት ወሬ እንዲሁ ጠፍቶ ቀርቷል።

ሐሙስ ተዘራ። ኅዳር ላይ ስናጭድ ገብሱ ከዘነቡ ቁመት በልጦ ነበር። ከአውድማው እንደ ገባ ቆሎ ይቆላልናል ብለን ምድጃውን ከበን ስንጠብቅ፣ እናቴ አንድ ቅል ሙሉ ሰፍራ ነጠላዋን አጣፋች። ወዴት ነው ስላት «ገብርኤል። ስለት ነው ብያለሁ፣ ስለት ይሁን» አለችኝ። እኔ ደግሜ ተናደድኩባት። ያን ያህል ገብስ ለቤተ ክርስቲያን! ጌታነህ የተቀበረው በዚያው ቅጽር ውስጥ መሆኑን እያወቅሁ አላሰብኩትም። ዘመኗን ሁሉ ይቅር በይኝ ሳልላት አረፈች።

በዚያ እሑድ ሙዚየሙ ውስጥ ይህን ሁሉ እያሰብኩ ቆሜ ሳለ፣ ትንሿ የልጅ ልጄ በእግሯ ጣቶች ተንጠራርታ እጇን ወደ ቅሉ ሰደደች። ከአፌ የወጣው ቃል የእኔ አልነበረም።

«አትንኪ፣ ስለት ነው።»

እጇን ሰብሰብ አደረገች። «ስለት ምንድን ነው?» አለችኝ።

አባቷ እንዲመልስላት ዞር ብዬ ፈለግሁት፤ ከጋሻው ጋ ስልኩን ያያል። ልጅቷ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። ዘበኛው ወደ ሌላው ክፍል እስኪያልፍ ጠበቅሁና ቅሉን ራሴ በጣቴ አንኳኳሁት። ባዶ ነው። «እኔ እሜትሽ መጫወቻው ቤት ስንደርስ እነግርሻለሁ» አልኳትና እጇን ይዤ፣ እንደ ልማዴ፣ በጥድፊያ ወጣሁ።