የአይነኬ ሳህኖች በኢንተርኔት

ሰፈሩ በሙሉ «አይነኬ» ነበር የሚላት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ እሷ የምትጠረጥረው የባሏን ታላቅ እህት ነው። ስሙ ግን ልክ ነበር። ሶፋዋ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀም፤ ሙቀት ባለበት ቀን የተቀመጠ እንግዳ ሲነሳ ሱሪው ከላስቲኩ እየተላቀቀ ይጮሃል። ከሶፋው ፊት ለፊት ግድግዳውን የሸፈነ ባለመስታወት ቡፌ ቆሟል፤ ውስጡ ማንም ያልጠጣባቸው ብርጭቆዎችና ማንም ያልበላባቸው ሳህኖች ተደርድረዋል። የቡፌው ቁልፍ ከአንገቷ አይወርድም። ቤተሰቡ የሚበላው ጠርዙ በተሸራረፈ የፕላስቲክ ሳህን ነው።

ሠላሳ ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ ጸሐፊ ሆና ሠርታለች። አለቆቿን ያላሰቡትን ያሰቡ፣ ያልሠሩትን የሠሩ የሚያስመስል ደብዳቤ በመጻፍ የሚደርስባት አልነበረም። ስንፍናን «ጥንቃቄ የተሞላበት አካሄድ»፣ ጥፋትን «ያልተጠበቀ ውጤት» ብሎ መጻፍ ለእሷ ውሃ እንደመጠጣት ነበር። ጡረታ ስትወጣ ይህ ሁሉ ተሰጥዖ ወደ ዕቃዎቿ ዞረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር መስታወቱን እያመለከተች የያንዳንዱን ብርጭቆ ታሪክ ትተርካለች፤ የተጠማ እንግዳ ካለ ቧንቧው ጓሮ ነው።

ባሏ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ደጅ «ቆጣሪ» እያለ ሲጮህ ውሎ እቤቱ ሲገባ ድምፁ የለም። ከሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው፣ ብድግ ብድግ እያለ ይቀመጣል።

የተከራዩት ቤት ባለቤት ቤቱን ለልጁ ሲፈልገው አራተኛ ፎቅ ላይ ባለሁለት ክፍል አፓርታማ አገኙ። ነርስ የሆነችው ልጃቸው ሜትር ይዛ ሄዳ ለካችና ተመለሰች።

«እማ፣ ቡፌው ከገባ አባዬ አይገባም» አለቻት።

አይነኬ መልስ ከመስጠቷ በፊት ትንሽ አሰበች። ማሰቧን ባሏም ልጇም አይተዋል።

በመጨረሻ ልጅቷ ነች መላ ያመጣችው። የማይፈለግ የቤት ዕቃ በአደራ ተቀብሎ፣ ፎቶ አንስቶ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ሲሸጥ ባለሱቁ ድርሻውን ያነሳል፤ በሁለት ወር ያልተሸጠውን ባለቤቱ መልሶ ይወስዳል። አይነኬ መጀመሪያ አኮረፈች፤ ኋላ ግን ሦስት ቀን ሙሉ የዕቃዎቹን ፊት ስትወለውል ሰነበተችና ዕቃዋን በጭነት መኪና አስጭና ሄደች።

ባለሱቁ ድሮ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ያላማረውን ሲያሳምር ኖሮ ሳይሰለቸው አልቀረም፤ አሁን ያየውን ነው የሚናገረው። ቡፌውን አንዴ ዞረውና ኮምፒውተሩ ላይ «ቡፌ። ያገለገለ። የኋላ እግሩ የተጠገነ» ብሎ ጻፈ።

«ያገለገለ?» አለች አይነኬ። «ማንን ነው ያገለገለው? እኔ ነኝ እሱን ሳገለግል የኖርኩት።»

«ታዲያ ምን ልበል እትዬ?»

«ተነስልኝ» አለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጣቶቿ ፊደሎቹን ሲያገኙ ሠላሳ ዓመቷ ተመለሰላት። ቡፌው «በጨዋ ቤት በክብር ያረጀ» ሆነ፤ የሰው መልክ አጣሞ የሚያሳየው የግድግዳ መስታወቷ «ፊትን ከአዲስ አቅጣጫ የሚያሳይ» ተባለ። ባለሱቁ ከጀርባዋ ቆሞ ሲያነብ ሳያስበው ቆቡን አወለቀ።

በመጨረሻ የወርቅ ቀለም ጠርዝ ያላቸው አሥራ ሁለት ሳህኖች ቀረቡ።

«እነዚህንስ ይወዷቸዋል?» አላት።

«ዓይኔ ባያያቸው ደስታዬ ነው። የባሌ እህት ናት በሠርጌ ቀን ያመጣችብኝ። ጠርዛቸው የሐሰት ጥርስ ይመስላል» አለችው። ይህን እያለች ግን የምትጽፈው ሌላ ነበር፤ «ከውድ ዘመድ የተበረከቱ። ባለቤታቸው እንደ ዓይኗ ብሌን ስትጠብቃቸው ኖራ ዛሬ ልቧ እየደማ ትለያቸዋለች።» ከዚያ ቀና ብላ «ስሜ አይወጣም አይደል?» ስትል ጠየቀች።

«አይወጣም» አለ ባለሱቁ። እውነቱን ነበር። ሳህኖቹን ግን እንደ ልማዱ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አነሳቸው።

ሳህኖቹ በሁለተኛው ቀን ተሸጡ። አይነኬ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ለባሏ ሁለት እንቁላል ጠበሰችለት።

አፓርታማው ከገቡ በሁለተኛው እሑድ የባሏ እህት ቤቱን ልታይ መጣች። ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የሰውን ስህተት ቀስ ብሎ ማውጣት የለመደች። ከባድ ካርቶን በሰው አሸክማ አራት ፎቅ ወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ለአዲሱ ቤታችሁ ነው። ከኢንተርኔት ነው የገዛሁት» አለች።

አይነኬ ካርቶኑን ከፍታ ክው አለች። የወርቅ ጠርዙ ጥርሱን አገጠጠባት።

«እንዲያው ደስ ይላል» አለች እንደምንም። «የድሮዎቹን... ይመስላል።»

«እኔ ግን ሳህኑን አይቼ አይደለም የገዛሁት፤ ጽሑፉ ነው አንጀቴን የበላው» አለች እህትየው። ስልኳን አውጥታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ እንደ ክፍል ንባብ ቃል በቃል አነበበችው። «ልቧ እየደማ ትለያቸዋለች» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «ምስኪን። የማን ልብ ይሆን?»

ነርሷ ልጅ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። ሳቋን ማፈን አቅቷት ነበር።

እህትየው አንዱን ሳህን ገልብጣ ለአይነኬ አቀበለቻት። ጀርባው ላይ በጥፍር ቀለም የተጻፈ ነገር አለ፤ «ለወንድሜና ለሚስቱ። ብሉበት።»

«ፎቶው ላይ የገዛ እጄን ጽሑፍ ባየው ጊዜ የገረመኝ መሸጥሽ አይደለም» አለች። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ገልብጠሽ አለማየትሽ ነው።»

አይነኬ ሳህኑን መልሳ ገለበጠችው። ለአለቃዋ ቢሆን ሦስት ገጽ ትጽፍ ነበር፤ ለራሷ ግን አንድ መስመር አልመጣላትም። ያን ጊዜ ዝምተኛው ባሏ ከወንበሩ ተነስቶ አንዱን ሳህን አነሳና ለምሳ ከተሠራው ድስት ሩዝና ድንች ጨለፈበት። ሌሎቹም ምን ያድርጉ፣ ተከተሉት። ሰውየው ሁለት ጊዜ ጨመረ።

ከምሳ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ ዕቃ ማጠብ ጀመሩ። እህትየው የመጀመሪያውን ሳህን በስፖንጅ አሸት አደረገችና እጇ ቆመ። ጠርዙ ነጭ ሆኗል፤ ወርቁ በሙሉ ስፖንጁ ላይ ነው።

«ያኔ የሸጠልኝ ነጋዴ የማይለቅ ነው ብሎኝ ነበር» አለች፤ ድምጿ የአስተማሪ መሆኑ ቀርቶ።

አይነኬ ስፖንጁን አየችው፣ ዋርሳዋን አየቻት። በአንድ ቃል ልትቀብራት ትችል ነበር፤ ቃሉም አፏ ላይ ደርሷል። ግን «ያልተጠበቀ ውጤት ነው» አለችና የሚቀጥለውን ሳህን አቀበለቻት። እየተፈራረቁ አሥራ ሁለቱንም አነጡ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ በጣም ተዋደዱ ማለት ውሸት ይሆናል። እህትየው ታሪኩን በየሄደችበት ታወራለች፤ የወርቁን ነገር ግን አትነካካውም። አይነኬም ብትሆን ምሳ በቀረበ ቁጥር «ቀስ አድርጋችሁ» ማለቷን አልተወችም።

ባለሱቁ በወሩ ደወለላት። ሌሎች ደንበኞች የእሷን ጽሑፎች አንብበው «ለእኛም እንደዚያ ይጻፍልን» ብለው አስቸግረውታል። አሁን በሳምንት ሦስት ጠዋት ሱቁ ጥግ ተቀምጣ የማታውቀውን ሰው ዕቃ ታሞግሳለች። ሽያጩ ጨምሯል፤ ወቀሳውም እንደዚያው። ባለፈው ሰሞን አንድ ሰውዬ ወንበር ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛዋ ፊት አቆመው። ወንበሩ በተቀመጡበት ቁጥር ወደ ኋላ ይንጋለላል።

«‹ለአሳቢ ሰው የተሠራ› ይላል እኮ» አላት።

ባለሱቁ ይቅርታ ጠይቆ ገንዘቡን መለሰለት። ሰውየው በሩን ዘግቶ እስኪሄድ አይነኬ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

«ድሮም የሚያስብ ሰው አልመሰለኝም» አለችና ወንበሩን እንደ አዲስ ልትጽፈው ወረቀት ሳበች።