የላይ ጎጥ ግድግዳ ለምን ረዘመ?

ደብረ ታቦር በፕላን ነዳፊነት የተቀጠርኩ ዕለት ኃላፊዬ ጓድ መላኩ ቲ-ስኩዌር የሚሉት ማስመሪያ፣ የቀለም ብዕርና ምላጭ አስረከበኝ። «ስትሳሳት ትሬሲንግ ወረቀቱን በዚህ ትፍቃለህ» አለኝ። በደርግ ዘመን በምላጭ ተፍቆ የሚለቅ ስሕተት የነበረው በነዳፊ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው።

ዛሬ ወጣቶች ለሦስት ገጽታ (ስሪ-ዲ) ንድፍ የትኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሻላል እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። የእኔ ምርጫ በቀለምና በካርቶን መካከል ነበር፤ ክርክሩ ግን ያው ነው።

በከተማው ስለ መስመር የማወራው ሰው አልነበረኝም። ቅዳሜ ከሰዓት የተከራየሁትን ክፍል በፐርስፔክቲቭ፣ ዓይን እንደሚያየው የራቀውን እያሳነስኩ፣ እነድፋለሁ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ቶሎ ያልቃል።

አንድ ቀን ጓድ መላኩ ጠራኝ። «ከጉና ሥር ክሊኒክ ይሠራል። ድንጋዩም ጉልበቱም የሕዝቡ ነው። አሳምረህ ንደፍላቸው። ግድግዳው ከቆመ ወደ አዲስ አበባ ዝውውርህን እጨርስልሃለሁ።»

ውስጡ እንዲታይ ጣሪያውን አንስቼ፣ ከፊት ለፊት ከፍ ብሎ ለቆመ ሰው እንደሚታየው ነደፍኩት። ከዚያ የተሻለ ሥዕል ሠርቼ አላውቅም። ሥዕሉን ይዤ በበቅሎ ወደ ጉና ወጣሁ።

በዚያ አገር የጋራ ሥራ ለየጎጡ በዕጣ ይከፈላል። የፊቱ ግድግዳ ለላይ ጎጥ፣ የኋላው ለታች ጎጥ ወጣ። የላይ ጎጡ ሽማግሌ አያ ደመላሽ ሥዕሉን ብዙ አዩት።

«ልጄ፣ የእኛ ግድግዳ ለምን ረዘመ?»

«አልረዘመም አያ። የኋላው ርቆ ስለሚታይ ነው ያጠረ የሚመስልዎ።»

«ማን አራቀው?»

ከታች ጎጥ አንዱ «አያ ደመላሽ፣ ዕጣ የእግዜር ነው» አላቸው።

«እግዜር እርሳስ አልያዘም» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። ጎጡም ተከተላቸው። ድንጋይ የሚያመጣ ጠፋ።

ቢሮ ተመልሼ የሆነውን ተናገርኩ።

«አስረዳቸዋ» አለ ጓድ መላኩ።

«ምን ብዬ? ወረቀቱ ላይ በእርግጥ አጥሯል። በካርቶን ልሥራው።»

«መጫወቻ ልትወስድላቸው?» አለና ሳቀ። አልከለከለኝም ግን።

ክፍሌ ውስጥ በምላጭ እየቆረጥኩ፣ በሙጫ እያጣበቅኩ ሠራሁት። ጣሪያው እንዲነሣ አደረግኩ። በዚያ ክፍል ዞሬ የማየው ነገር ሲኖረኝ የመጀመሪያዬ ነው። ስጨርሰው፣ ከክፍሉ ሊወጣ ነውና፣ ከፋኝ።

ካርቶኑን ይዤ ወደ ጉና ተመለስኩ። አያ ደመላሽ ጣሪያውን አነሡ። ሰንበሌጥ ሰብረው የፊቱን ግድግዳ ለኩ፤ በዚያው የኋላውን ለኩ። የታች ጎጡ ሰውዬ አላመነም፤ የራሱን ሰንበሌጥ ሰበረ። እኩል ሆነ።

«ያኛው ወረቀት በር ላይ የቆመ ሰው ያየው ነው፤ ይሄ ቤቱ ነው» አሉ አያ ደመላሽ። ወደ ታች ጎጦች ዞረው «ዕጣችሁ አደገላችሁ» ሲሏቸው ሁሉም ሳቀ። ድንጋዩ መጣ።

ግድግዳው ሲቆም ዝውውሬን ጠየቅኩ።

«የት ልትሄድ?» አለ ጓድ መላኩ። «እስቴም ጋይንትም ካርቶን የሚሠራውን ላክልን እያሉኝ ነው። አንተን ለቅቄ ማንን ላምጣ?»

ደርግ እስኪወድቅ እዚያው ክፍል ካርቶን ስቆርጥ ኖርኩ። የሠራሁትን ሁሉ ሰው ይወስደዋል። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ይቀራል።

ለወጣቶቹ የምላቸው ይህ ነው፦ መሣሪያ ስትመርጡ ሥራውን አይቶ ድንጋይ የሚሸከመው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ እሱ የሚለካበትን ምረጡ። ትክክለኛው ምርጫ ለመራጩ ይበጃል ያለኝ ግን ማንም የለም።